የአየሩ ተቀናሽ

የብቸናን የውኃ ሞተር የሚጠብቀው አምባቸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የሠራው ሥራ አንድ ነው፤ የቦኖውን ቆጣሪ ያነባል፣ ከቁጥሩ ላይ ሰባት ይቀንሳል፣ ይመዘግባል። ሰባቱ የአየር ነው። ቧንቧው ባዶውን ሲያድር አየር ይሞላዋል፤ ሞተሩ ሲነሣ ያ አየር ቀድሞ እየወጣ ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል። ቆጣሪ ሞኝ ነው፤ ውኃና ነፋስ አይለይም።

ናፍጣው ለዘመቻ ተወስዶ ሞተሩ ከቆመ አራተኛው ቀን ነበር። ቦኖ የምታስቀዳው ይርጋነሽ መጣች።

«ጋሼ አምባቸው፣ ጠብታ ውኃ የለም፤ ቆጣሪው ግን ይዞራል።»

«አየር ነው» አላት ወገቡን ይዞ እየተነሣ። «እቀንሰዋለሁ።»

ተከትሏት ወረደ። ቧንቧውን ከፍቶ መዳፉን ደቀነበት። ለብ ያለ አየር ወጣ፤ ከዚያ መዳፉን ወደ ውስጥ ሳበው፤ ደግሞ ወጣ። የቆጣሪው መርፌ ወደ ፊት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚህ ላይ ስንት ይቀነሳል? ድካሙ ጠናበትና በረጅሙ ተነፈሰ። መርፌውም አብሮት በረጅሙ ሄደ።

«ጋሼ?» አለች ይርጋነሽ።

አምባቸው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያዘ። መርፌውም ቆሞ ይጠብቀው ጀመር።