የልየው ጥፋት

ሽማግሌው መካኒክ ዛሬ የጋራዣቸውን በር የከፈቱት አንገታቸውን ደፍተው ነው። ትናንት አብሯቸው ያረጀውን ረዳታቸውን ልየውን በደንበኛ ፊት አዋርደው አባረውታል።

ጠቡ የመጣው በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ነው። ቆማ ሞተሯ ሲሠራ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ሊጠፋ ይደርሳል። ልየው አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ አገኘና ለውጦ፣ "በቃ፣ ጸጥ ብላለች" አለ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግፈው አዳመጡ። ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል።

"ይሄ ነው ጸጥታ? ጆሮ የለህም? ውጣልኝ!" ብለው ጮኹበት። ልየው ቱታውን አውልቆ ሰቀለና ወጣ። ወዲያው አፈሩ፤ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና መልሰው ሊጠሩት አልደፈሩም።

አሁን የሚኒባሷ ሹፌር መጣ።

"ደረሰች ጋሼ?"

"አልደረሰችም" አሉ፣ ዓይኑን ላለማየት እየሞከሩ። "እስቲ ግባና አስነሳት፤ ራስህ ትሰማዋለህ።"

ሹፌሩ ገብቶ ተቀመጠ። እሳቸው ኮፈኑን ከፍተው፣ ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላቸው። ልየውን ያለ ጥፋቱ አልተናገሩትም።

"ሰማህ አይደል?" አሉ።

ሹፌሩ ግራ ገብቶት በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

"ምኑን ጋሼ? ቁልፉን እኮ ገና አልሰጡኝም።"

እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ቁልፉ እዚያው ነው። ድምፁም ጆሯቸው ውስጥ አሁንም ከፍ ዝቅ ይላል።