ዶክተሩ የቀዳው ድምፅ

ልጄ ኑርሃን ሐኪሞች በድምፅ ቀድተው የሚልኩላትን እየሰማች በኮምፒውተር ትጽፋለች። የዛሬው የእህቷ የናጅዋ ነው። ናጅዋ ክሊኒክ ተኝታለች፤ ጽሑፉ ሲያልቅ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይወስዷታል። እኔ ቤት ኑርሃን አጠገብ ቁጭ ብዬ ማሾ እለቅማለሁ።

«ታማሚዋ በደንብ ትናገራለች» አለ ዶክተሩ፤ ቀጥሎ የበሽታውን ስም ጠራ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

«ሰብአራክ... ስሙን አልያዝኩትም። ከተሳሳትኩ እዚያ ሌላ በሽታ ነው የሚያክሙላት» ብላ መልሳ ከፈተችው።

«ታማሚዋ በጭንቅ ትናገራለች።»

«ቅድም በደንብ አላለም?»

«እማ ደግሞ፣ ያው አንድ ድምፅ ነው። ማሾሽን ልቀሚ።» አሁንም መልሳ ከፈተችው።

«ታማሚዋ አትናገርም።»

ስልኬ ጠራ። እህቱን የሚያስታምመው ልጄ ረድዋን ነው።

«እማ፣ ናጅዋ አፏ ተያዘ። ስታጫውተኝ ቆይታ ተኮላተፈች፤ አሁን ጭራሽ ዝም አለች። ትንፋሿ ብቻ ነው የቀረው።»

ወደ ኑርሃን ዞርኩ። በደንብ እንዲሰማት ብላ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

«ኑርሃን፣ በአላህ ተይው» አልኩ። አልሰማችኝም። እጇን ልይዝ ስነሳ ማሾው ተደፋ።

«ይኼን ስም ሳልይዝማ አልነሳም» አለች ለራሷ፤ መልሳ ከፈተችው።