ባቡር በእማዬ ጓሮ

ጎልማሳው ለመጫወቻ ባቡሩ ለምርጫ የገዛቸውን ሁለት ዓይነት ሐዲዶች፣ ናሱንና አሉሚኒየሙን፣ እናቱ ጓሮ ሣሩ ላይ ጎን ለጎን አጋደማቸው። «አሉሚኒየም ለፈሪ ነው! ናሱ የመንዝን ውርጭ ሺህ ዓመት ይችላል። ድሬዳዋ በቅናት ታብዳለች!» አለ። «እማዬ፣ ባቡር ጓሮዎ ድረስ አስገባልዎታለሁ» ብሎ በስልክ ከፎከረ ወር ሆኖት ነበር።

እናቱ ግማሽ ስልቻ ገብስ እየጎተቱ ወጡ። ባበጠ ጉልበታቸው እስከ ወፍጮ ቤት ግማሽ ቀን ይሄዱ ነበር፤ ወፍጮውንም እንደ አገሩ ሰው «ባቡር» ነበር የሚሉት። «ተባረክ ልጄ! ጉልበቴን አሳረፍከው» አሉና ናሱን ዳበሱት። «እህሉ የሚፈሰው በየት በኩል ነው?»

የፉከራ ድሃ ሆኖ የማያውቀው ሰውዬ ወደ ሐዲዶቹ አጎነበሰ። «ገና አልተገጠመም፣ እማዬ» አለ ቀስ ብሎ።

«ይሁን፣ እጠብቃለሁ» አሉና ስልቻው ላይ ተቀመጡ።