የሥጋ ሻጩ ሴሎች

ሥጋ ሻጩ የላብራቶሪውን በር በእርግጫ በረገደው። እህቱ ከኋላው "ኧረ ቀስ በል፣ ወንድም ጋሼ!" እያለች ትሮጣለች። ማን ሰምቷት!

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው በፓርኪንሰን ሲንቀጠቀጥ ኖሮ፣ በመጨረሻ ጉርሻ መዋጥ አቅቶት ሞቷል። በሽታው እንዴት በዘር እንደሚወርድ የሚያጠናው ተመራማሪ ከሥጋ ሻጩ ክንድ ትንሽ ቆዳ ወሰደ። ቆዳውን የፈለጉትን ዓይነት ሴል መሆን ወደሚችል ግንደ ሕዋስ መለሰው፤ ከዚያም የአንጎል ሴል አድርጎ በሳህን አሳደገው። ከጎኑ ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ማነጻጸሪያ ሴል አለ። የትኛው ቶሎ እንደሚሞት ማየት ነው እንግዲህ ሥራው።

ሥጋ ሻጩ ሠርጉን አቁሞ ይጠብቃል። "ካለብኝ አላገባም" ብሏል። "እናቴ ያየችውን ፍዳ በሰው ልጅ ላይ አልደግምም።" ውጤቱን ሊነግረው ቃል የገባው ተመራማሪ ግን በመጣ ቁጥር "እንደገና ልሞክረው" ይለዋል።

ዛሬም ተመራማሪው ቀኝ እጁን ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከቶ ቆሟል።

"ዝም አይነቅዝም ብለህ ነው? ተናገር!"

"ተቀመጥና እንነጋገር፣ ወንድሜ" አለና ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብልቃጥ ሊያሸሽ አነሳው። ከእጁ አምልጦ ተከሰከሰ።

"አየሽው? መርዶ ባይሆን እንዲህ ይርድ ነበር?"

ቡጢው የተመራማሪው አፍንጫ ላይ አረፈ። አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ሥጋ ሻጩ አንገቱን አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው፤ ነጩ ጋውን ደም ለበሰ። እህትየው ጀርባው ላይ ተንጠልጥላ "ገደልከው! የሰው ያለህ!" ትላለች። አሽቀንጥሮ ጣላትና ወንበር አንስቶ ማይክሮስኮፑን አደቀቀው። ቀጥሎ ወንበሩን በተመራማሪው ራስ ላይ ሰነዘረ።

"ሴሎቹ ሞተዋል አይደል? ሞተዋል በል!"

"ሞተዋል" አለ ተመራማሪው፣ ደም እየተፋ።

ወንበሩ ወደቀ። ያ ሁሉ ግዙፍ ሰውዬ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "እጮኛዬን ምን ብዬ ልንገራት? እንዴት ብዬ?" እህቱ ራሱን ደረቷ ላይ ይዛ አብራው አነባች።

"አንተ ሂድና አግባ" አለ ተመራማሪው። "የሞቱት ጤነኛ ነኝ ብዬ ለማነጻጸሪያ የሰጠኋቸው የኔዎቹ ናቸው።"