ቀዩ ኮከብ የማያጠነክረው አጥንት

አስካለ ልጇን ቅባት ቀብታ፣ እናቷ ስታደርግ እንዳየችው፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ታሞቀዋለች። ፀሐይ ትበለው እንጂ በመስኮቱ የሚገባው የቀይ ኮከብ ብርሃን ነው። ከምድር ወደዚህ ሩቅ ዓለም ሲመጡ ባሏ ደምሰው፣ "ፀሐይም ኮከብ ናት፤ ያው ናቸው" ብሏት ነበር።

የልጁ እግር ግን አልጠና አለ። ነገሩ ከነከናት። ዛሬ ደምሰው ጀርባውን ሰጥቶ የልጁ ወተት ላይ ከትንሽ ብልቃጥ አንዳች ነገር ሲያንጠባጥብ አየችና እጁን ቀብ አደረገችው።

"ምንድን ነው የምታጠጣብኝ?"

"ኧረ ቀስ፣ አስካልዬ! ለአጥንቱ መድኃኒት ነው።"

"ፀሐይ እያሞቅኩት?"

ደምሰው አንገቱን ደፋ። "ይሄ ኮከብ ደካማ ነው። አብዛኞቹ ከዋክብት እንዲህ ናቸው፤ የእኛዋ ፀሐይ ከብዙዎቹ ትበልጣለች። ይሄኛው ያሞቃል እንጂ አጥንት አያጠነክርም። ጠብታውንም ተደብቄ ስለምሰጠው አልበቃውም።"

"መቼ አወቅህ?"

"ሳንነሳ። ብነግርሽ አትመጪም ብዬ ነው።"

አስካለ ልጁን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። "ብልቃጡን ወዲህ በል። ከእንግዲህ የምሰጠው እኔ ነኝ።"

ሰጣት። እሷም ዓይኗን ከባሏ ሳትነቅል፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ በራሷ ምላስ ላይ ጠብ አደረገች።