የራስጌው ቧንቧ

«እኔ ሳልሞት ይቺ ቧንቧ ከግድግዳው አትወርድም!»

ቧንቧ ሠራተኛው የብረት መቁረጫ ሰጌቶውን እንዳነሳ ቀረ። ከጠዋት ጀምሮ የመታጠቢያ ቤቱንም የጓሮውንም ቀይሮ ጨርሷል። የቀረው ከወጥ ቤት ተነስቶ በአሮጊቷ አልጋ ራስጌ የሚያልፈው አንዱ ብቻ ነው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ዝጎ አልቋል። ውስጡን ቢያዩት ይዘገንንዎታል።»

«እኔስ አላለቅሁም? እኔንም ቀይረኛ!»

ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ደሟ ፈላ። ልጅ ትባል እንጂ ሃምሳን ደፍናለች። ሻይ የመሰለ ውሃ ስታጠልል ስንት ዓመቷ! «እማዬ፣ በናትሽ! ያለኝን ነጭ ልብስ ሁሉ ቡኒ አድርጎ ጨረሰው። ግትርነትሽን ለዛሬ ብቻ ተይልኝ።»

«ግትር ያለችኝን እዩልኝ! ከማን ወረስሽው ታዲያ?»

ሠራተኛው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቧንቧውን በእጁ ዳሰሰ። «እዚህ ጋ ግን ዝገት የለውም» አለ ገርሞት። ከትራሱ ትይዩ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ፣ ብረቱ የተወለወለ ይመስል ያብረቀርቃል።

ልጅቷ ብረቱን አየች። ትራሱ ሥር ያለውን ማንኪያ አየች። አፏን ያዘች።

እናቷ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ተጣርተው ወጥ ቤት አይሰማም፤ ብረቱን በማንኪያ ይመታሉ። አንዴ ከሆነ ውሃ ነው። ሁለቴ፣ ነይ። ሦስቴ ሲመቱ ግን ምንም አይፈልጉም፤ «አለሽ?» ማለታቸው ነው። እሷም ወጥ ቤት ያለውን ጫፍ በጭልፋ ሦስቴ ትመታለች።

አዲሱን ቧንቧ ከወለሉ አንስታ በጣቷ አንኳኳችው። ፕላስቲክ ነው። ዱዳ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?» እናቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ብቻዬን ስሆን እፈራለሁ ልበልሽ? በዚህ ዕድሜዬ?»

ልጅቷ አፍንጫዋን ሳብ ሳብ አደረገችና ወደ ሠራተኛው ዞረች። «ስማ ወንድሜ፣ አዲሱን በላዩ አሳልፍልኝ። አሮጌውን ከውሃው ለይተህ እዚያው እንዳለ ተወው።»

«ባዶውን? ምን ሊሠራ?»

«ሥራ አለው። አንተ ብቻ የታዘዝከውን።»

ሲጨርስ ወጥ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተች። መጀመሪያ አየር ተፋ፤ ትንሽ ደፈረሰ፤ ከዚያ ኩልል ብሎ ወረደ። ብርጭቆ ሞልታ ወደ መስኮቱ ብታነሳው ማዶ ያለው ዛፍ በውስጡ ታያት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ጆሮዋ ግን ግድግዳው ላይ ነው።

ኳ። ኳ። ኳ።

ውሃ የተለየው ብረት ከበፊቱ ይልቅ ጠርቶ ጮኸ።

ብርጭቆውን አስቀመጠችና ጭልፋዋን አነሳች።