የአርባው ብርዝ

«አፍሽን ክፈቺ፣ የኔ እናት» እላታለሁ። የወንድሜ የዘውዱ ልጅ እመቤቴ ጉልበቴ መሀል ተቀምጣ ጉንጯን ይዛ ታለቅሳለች። ሰባት ዓመቷ ነው። ዘውዱ ከደጃፉ ቆሞ የበቅሎውን ልጓም ይዟል፤ ግባ ብለው እቸኩላለሁ አለ። ልጄ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ሲመጣ ሁሌ እንደቸኮለ ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ጥርስ ስነቅል ሠላሳ ዓመቴ ነው። ከጋፋትም ከሐሙሲትም ይመጡልኛል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላል ሰው፤ እኔ ዘንድ ብቅልም አያስፈልግ፣ አፉን ከከፈተልኝ ይበቃኛል።

እመቤቴ ስትከፍት እጄ ቀጥ ይላል። አራት ጥርሶቿ ጠቁረው ተቦርቡረዋል። የገበሬ ልጅ ጥርስ በጠጠር ይሸረፋል እንጂ እንዲህ አይነቅዝም። እንዲህ ያለውን ያየሁት ጣልያን ከገባ ወዲህ ነው፤ እሱንም በጣልያኑ አስተርጓሚ ልጆች አፍ። ነቀዙ በሁላችንም አፍ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ እንጀራና ቆሎ አይቀሰቅሰውም። ስኳር ሲሸተው ግን ይነቃል፣ መብላት ይጀምራል። ስኳር ደግሞ ከጣልያን ምሽግ በቀር የትም የለም። ከምሽጉ የሚወጣውም ወሬ ይዞ ለገባ ሰው ነው።

ሰባት ወር ሙሉ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አስረስን ማን ሸጠው? አንድ ልጄ ነበር። ዱር ከገባ በኋላ አንድ ማታ ከጉና ተራራ ወርዶ ራቱን እዚሁ በላ። መምጣቱን እኔ አወቅሁ፣ አጎቱ ዘውዱ አወቀ፣ ጎረቤቴ ፈንታነሽ አወቀች። ሲነጋ ቤቱ ተከቦ ነበር፤ ገበያው መሀል ሰቀሉት። እኔም ፈንታነሽን ረገምኋት። እስከ ዛሬ በደጇ አላልፍም።

ቅርንፉድ ድዷ ላይ እይዝላትና ጉጠቱን አስገብቼ የባሰውን እነቅላለሁ። ጥርሱን ይዤ እወጣለሁ፣ ዘውዱ መዳፍ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

«ነቅዟል» እለዋለሁ። «ልጅቱን ምን እያበላሃት ነው?»

ጥርሱን አያየውም። «ማር ትወዳለች፣ እትዬ። ማር ነው።»

ጣልያን ቀፎውን ከነጎጆው ካቃጠለ ወዲህ በዚህ አገር ማር የቀመሰ የለም። ዘውዱ ድሮም ውሸት አይሆንለትም፤ በልጅነቱ የምዋሽለት እኔ ነበርሁ።

እመቤቴ ከኋላዬ መጥታ ቀሚሴን ትይዛለች። ከንፈሯ ደም ነክቶታል፤ ሕመሙ ቀለል ቢላት ልትረዳን ፈልጋለች።

«ማር አይደለም፣ አክስቴ። ስኳር ነው፣ ነጭ። በአስረስ አርባ የጠጡትንም ብርዝ በሱ ነው የሠራነው። እኔ ነኝ የበጠበጥሁት።»

በአርባው ቀን ሐዘን አንጀቴን አድርቆት እህል አልወርድ ቢለኝ፣ ዘውዱ ብርዝ በዋንጫ አምጥቶ በገዛ እጁ አጠጣኝ። ማር ከየት አገኘህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ድገመኝ አልሁት። ኑሮህን ያጣፍጥልህ ብዬም መረቅሁት።

አሁን ጥርሱን ጨብጦ መሬት መሬት ያያል። ልረግመው አፌን እከፍታለሁ። የዚያ ብርዝ ጣዕም ግን ቀድሞኝ መጥቷል፤ አፌ ምራቅ ሞልቷል። ልተፋው ዘወር እላለሁ። ሳልተፋው ዋጥሁት።